ሲንጀሯን ልቀይር ወይስ ትቆይ?

«አንቺ አሁንም በእግርሽ ነው የምትሰፊው?»

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ደንበኛ ይጠይቀኛል፣ ክር የሚያመጣልኝ ልጅ ይጠይቀኛል፣ እህቴ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር ትጠይቀኛለች። ጅማ ውስጥ፣ ከሂርማታ ብዙም ሳልርቅ፣ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። ሱሪ ማሳጠር፣ ቀሚስ ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየር የዘወትር እንጀራዬ ነው። ለዒድ አባያና ጀለቢያ፣ ክረምቱ ሲገባደድ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ይህን ሁሉ የምሠራው ከአባቴ በወረስኳት፣ በእግር በምትረገጥ የሲንጀር ስፌት መኪና ነው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፣ እሷም ተራ ስትደርሳት የምትረግጠው ያችኑ ነው።

መኪናዋ 15ኬ የምትባለዋ ናት። ኬ የሚለው ፊደል ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ከነበረው የኪልቦዊ ፋብሪካ የወጣች መሆኗን ይናገራል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል። እሷ ግን ዛሬ ጠዋትም ሱሪ አሳጥራለች።

ዘንድሮ ግን ጥያቄውን ዝም ብዬ አላለፍኩትም። አንድ ምክንያቱ እግሬ ነው። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል፣ ወገቤም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ሌላው ከአንድ ትምህርት ቤት የመጣ የዩኒፎርም ወሬ ነው። ወሬ ያልኩት ገና ውል ስላልሆነ ነው። ያም ሆነ ይህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ለመሆኑ ምን ልግዛ? ደግሞስ መግዛት አለብኝ ወይ?

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚመክረኝን ልንገራችሁ። «ጁኪ ግዢ» ነው ምክሩ። ጁኪ ሲሉ የግድ ጁኪን አይደለም፤ ጃክም ይሁን ሌላ የቻይና ሥራ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚያገለግለውን ባለ አንድ መርፌ ቀጥታ ሰፊ መኪና በጅምላ ጁኪ ይሉታል። ፍጥነቱ እውነት ያስደነግጣል። ዲዲኤል 8700 የሚባለው ሞዴል በደቂቃ እስከ 5,500 ጊዜ ይወጋል። እኔ ጉልበቴ ሲያምር፣ ቀጥ ያለ ረጅም ስፌት ላይ፣ በደቂቃ 600 ገደማ ብሄድ ነው።

ልዩነቱ የሞተር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሲንጀሯን የታች ክር የያዘው መንጠቆ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ነው። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ነገር ከልኩ በላይ ሲነዳ ጠረጴዛው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። የጁኪው መንጠቆ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሽከረከረው፣ ለአንድ ወጊ ሁለት ዙር። መቆምና መመለስ የለበትም። ከሥሩ ደግሞ የዘይት ገንዳ አለው፣ ዘይቱን እየሳበ ራሱን ያለሰልሳል። የኔዋን ጠዋት ጠዋት በየቀዳዳዋ ጠብ ጠብ የማደርግላት እኔ ነኝ። በጉልበት ገፋ ሲያደርጉት ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር የሚያነሳ ማንሻም አለው፤ ሁለቱም እጅ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ፍጥነቱን ትታችሁ ይህችን ማንሻ ብቻ ብትሸጡልኝ እገዛ ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱ። አንድ የተማሪ ሱሪ ላይ ከወገብ እስከ ጫፍ፣ ኪሱንም ጨምሮ፣ 10 ሜትር ያህል ስፌት አለ እንበል። በአንድ ሴንቲሜትር 4 ወጊ ቢሆን 4,000 ወጊ ነው። በደቂቃ 600 ስሄድ ሰባት ደቂቃ አይሞላም። ጁኪው ቀስ ብሎ በ4,000 ቢነዳ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከአንድ ሱሪ የማተርፈው ስድስት ደቂቃ እንኳን አይደርስም።

ሱሪው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል! የቀረው ጊዜ የት ሄደ?

ልኬት ላይ ነው። ጨርቅ መዘርጋት፣ በጠመኔ ማስመር፣ መቁረጥ ላይ ነው። ኪስ ማጠፍና መተኮስ ላይ ነው። ዚፕ ላይ ነው፤ ዚፕ በ5,500 የሚሰፋ ሰው ካለ አስተዋውቁኝ። ደንበኛ ገብቶ «እትዬ፣ ይቺን ቁልፍ ብቻ» ሲለኝ የማቆመውም አለ። እነዚህ ሁሉ ጁኪ ገዛሁ አልገዛሁ አይለወጡም። ፋብሪካ ውስጥ አንዷ ኪስ ብቻ፣ ሌላዋ ወገብ ብቻ ስትሰፋ ስለምትውል ፍጥነቱ ይከፍላል። እኔ ጋ አንዷ ሁሉንም ናት።

ጊዜዬን የሚበላው ትልቁ ነገር ግን ከሱቄ ውጭ ነው። ኦቨርሎክ! የጨርቁን ጫፍ በቢላ እያስተካከለ በክር የሚጠቀልለው መኪና ማለቴ ነው።

ሲንጀሯ ቀጥታ ብቻ ነው የምትሰፋው፣ ዚግዛግ እንኳን የላትም። የጨርቁ ጫፍ እንዳይተረተር ወይ ሁለት ጊዜ አጥፌ እሰፋዋለሁ፣ ወይ ኦቨርሎክ ያለው ሱቅ እወስደዋለሁ። ቴትሮን ታጥፎ ሲሰፋ ይወፍራል፣ ልጅ ሲለብሰው ጭኑን ይፈትገዋል። ስለዚህ መውሰድ ነው። የተቆረጠውን ጨርቅ ግራ ከቀኝ እንዳይደባለቅ በክር አስሬ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ልጅቷን እልካታለሁ። ነሐሴ ላይ የጅማን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሱቁ ጋ ሲደረስ ሰልፍ ነው፤ የከተማው ሰፊ ሁሉ የዩኒፎርም ጥቅሉን ይዞ እዚያው ነው። በየፍሬው ይከፈላል። ልጅቷ እስክትመለስ ሲንጀሯ ስትቆም እኔም ሌላ ሥራ ፈልጌ እቆፋፍራለሁ። ስትመጣ ደግሞ አንዱ የኪስ ጨርቅ ይጎድላል።

ወረቀቱ ላይ ይህ በግልጽ ወጣ። የሚያስፈልገኝ ቶሎ የሚሰፋ መኪና ሳይሆን እዚሁ አጠገቤ ጫፍ የሚይዝ መኪና ነው። ሁሉም «ጁኪ» ሲለኝ ስለኖረ ጥያቄውን ራሱን ሲንጀር ወይስ ጁኪ አድርጌው ነበር የያዝኩት።

ወደ መካኒኩ ሄድኩ። ሐጂ እንላቸዋለን፤ ከኔ ዕድሜ በላይ የስፌት መኪና ሲፈቱ ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ በርካሽ መንገድ ልሞክር ብዬ ሲንጀሯ ላይ ትንሽ ዲናሞ ስለመግጠም ጠየቅኳቸው። ከኋላዋ በብሎን የሚታሰረው፣ ከሥር በእግር የሚጫኑት መርገጫ ያለው ማለቴ ነው።

«ለአህያ የፈረስ ኮርቻ ልግዛላት እያልሽ ነው» አሉኝ።

«እግሬን ግን ያሳርፍልኛል፣ ሐጂ።»

«ያሳርፍሻል። ለቀሚስና ለሸሚዝ ይሆናል። ጅንስ ሲመጣ ግን ዲናሞው ይግላል፣ ይሸታል፣ ቀበቶው ይንሸራተታል። ከገጠምሽም የድሮውን የቆዳ ቀበቶ አትጣይ። መብራት ሲሄድ መልሰሽ ታስሪዋለሽ።»

ኦቨርሎኩን ስነግራቸው ግን ፊታቸው በራ። ስንት ክር እንደሚሆን ጠየቁኝ። እኔ ባለ አምስት ክሩን ነበር በልቤ የያዝኩት። አምስት ክር ያለው በአንድ ጊዜ ጫፉንም ይይዛል፣ መጋጠሚያውንም ይሰፋል። የገበያ ልብስ የሚሰፋበት እሱ ነው፤ ሱሪያችሁን ገልብጣችሁ ብታዩት ታገኙታላችሁ።

ሐጂ አንድ የተዘጋጀ ሱሪ ከመደርደሪያ አውርደው ገለበጡልኝ። ጎኑን በጣታቸው ያዙት። ከስፌቱ እስከ ጫፉ ያለው ጨርቅ የጣት ውፍረት አይሞላም። «እናት ልጇን ይዛ መጥታ፣ ለከርሞ እንዲሰፋ አድርጊልኝ ስትልሽ ከየት ታመጫለሽ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የኔ ደንበኞች ዩኒፎርም የሚያሰፉት ለአንድ ዓመት አይደለም። ጎኑ ላይ ሁለት ጣት፣ ታቹ ላይ አራት ጣት ተጨማሪ ጨርቅ እንዲታጠፍ ይፈልጋሉ። ልጁ ሲረዝም ይፈታል፣ ሲወፍር ይለቀቃል። ከተዘጋጀው ልብስ ይልቅ እኔ ጋ የሚመጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ባለ አምስት ክሩ ይህን ጨርቅ በቢላው ቆርጦ ይጥለዋል። ለፋብሪካ ጥሩ ነው፣ ጨርቅም ጊዜም ይቆጥባል። ለኔ ግን ደንበኛዬን አሳልፎ መስጠት ነው።

ባለ ሦስት ክሩ ጫፉን ብቻ ይይዝልኛል፣ መጋጠሚያውን እኔ በፈለግኩት ስፋት በሲንጀሯ እሰፋዋለሁ። ባለ አራቱ ሁለት መርፌ አለው፤ ለሚለጠጥ ጨርቅ፣ ለቲሸርትና ለስፖርት ልብስ ጠንካራ ነው። አንዱን መርፌ አውጥቶ በሦስት ክር መሥራትም ይቻላል። ባለ አራቱን መረጥኩ። የስፖርት ልብስ ዛሬ ባልሰፋም ትምህርት ቤት ካለ እሱም ይመጣል።

ኦቨርሎክ ከሲንጀር ጋር አንድ ቤት ለማደር አስቸጋሪ ባሕርይ አለው፣ ይህንንም ሳልመዝን አላለፍኩም። ክር ይበላል። በትንሽ ጥቅል አይሆንም፣ በትልቁ ኮን ነው፣ ያውም አራት ኮን። ክር ማስገባቱ ለጀማሪ ያስለቅሳል፤ መጀመሪያ ሉፐር የሚባሉት ክር የሚጠልፉ መንጠቆዎች፣ የላይኛውና የታችኛው፣ ከዚያ መርፌዎቹ። አንዷን ካሳሳትክ ስፌቱ አይያያዝም። ፋብሪካ የሠሩ ልጆች የሚያደርጓት ዘዴ አለች። ቀለም ሲቀየር ክሩን አይመዙትም። የድሮውን እላይ ቆርጠው አዲሱን ጫፉ ላይ ይቋጥሩና ቀስ ብለው ይስቡታል፣ ቋጠሮው በየቀዳዳው ሾልኮ ያልፋል። መርፌው ጋ ሲደርስ ብቻ ቋጠሮውን ቆርጠው በእጅ ያስገቡታል። እዚህ ጅማ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ከተመረቀ ወዲህ ይህን የሚያውቅ ወጣት ማግኘት አይቸግርም። የኔዋ ልጅም ከጓደኛዋ ተምራ በምልክት እያሳየችኝ ነው፣ መኪናው ገና ሳይገዛ።

ከሁሉ የምፈራው ቢላውን ነው። ሲንጀር ስታበላሽ ፈትተህ መልሰህ ትሰፋለህ። ኦቨርሎክ የታጠፈ ጨርቅ ከገባበት ቆርጦ ይጥላል፣ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። የሰው ጨርቅ ነው።

አሁን ወደ መብራት እንምጣ። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ፣ ጎረቤታችን ማለት ይቻላል። ሆኖም መብራት ይሄዳል። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ሳይሄድ በፊት እንደ መጥቀስ ይላል። ሲንጀሯን ያቆየኝ ትልቁ ነገር ይህ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ሰማይ ሲያይ እኔ እረግጣለሁ።

ኦቨርሎክ ላይ ግን ይህ እንደፈራሁት አይከብድም። ጫፍ የሚያዘው ገና ሱሪው ሳይገጣጠም፣ ጨርቁ ጠፍጣፋ እያለ ነው። መብራት ባለበት ሰዓት የቆረጥኩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ በኦቨርሎክ አሳልፈዋለሁ። መብራት ሲሄድ መገጣጠሙ በእግር ይቀጥላል። ጁኪውን ገዝቼ ሲንጀሯን ብሸጥ ኖሮ ይህ አይሆንም፣ ሁለታችንም እንቆማለን። በነገራችን ላይ ሲንጀሯን የሚገዛ ሰው መጥቶ ነበር። ያቀረበው ዋጋ ብረቷን መዝኖ ይመስላል።

የኦቨርሎኩ ሞተር ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሦስት ዓይነት አለ። የድሮው ክላች ሞተር አንዴ ካበሩት ሳይሰፋም እየዞረ ነው የሚውለው፤ ቀኑን ሙሉ «እምምም» ይላል፣ መብራትም ይቆጥራል። ግን ቢቃጠል ጅማ ውስጥ ጠምጥሞ የሚሰጥ አይጠፋም። ሰርቮ የሚባለው እግር ሲጫን ብቻ ይዞራል፣ ድምፅ የለውም፣ ፍጥነቱንም በቁልፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ለተማሪ እጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሦስተኛው ዳይሬክት ድራይቭ ነው፤ ሞተሩ ከጭንቅላቱ፣ ማለትም ከሚሰፋው የላይኛው ክፍል፣ ጋር የተሠራ፣ ቀበቶ የሌለው፣ ቆንጆ የሚመስለው። ሻጮች የሚያቀርቡልኝ እሱን ነው። ሐጂ ግን አልወደዱትም። የመብራቱ መጥቀስ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱን ሲያቃጥለው ሙሉ መኪናው ቆሞ አዲስ አበባ መላክ ነው አሉ። ከጠረጴዛው ሥር ለብቻው የሚንጠለጠለው ሰርቮ ከሆነ ግን እሱን ብቻ ፈትቶ ሌላ መስቀል ይቻላል። ዋናው እየተጠገነ ክላች ሞተርም ቢሆን ይታሰርበታል። በዚህ ተስማማን።

ያገለገለ መኪና የምትፈልጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከፋብሪካ የሚወጣ ያገለገለ መኪና ዋጋው ይማርካል፣ ብዙ ጊዜም ጭንቅላቱ ጤነኛ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ብረት አንብቡ። 380 ቮልት ካለ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ እኛ ሱቅ የሚገባው ግን ባለ 220ው ነጠላ መስመር ነው። ሞተሩን መቀየራችሁ አይቀርም፣ ያንን ዋጋው ላይ ደምሩት። ለኔ አንድ በስልክ የቀረበልኝ እንዲህ ያለ ነበር። ፎቶውን አስልኬ አጉልቼ ሳነበው ነው ያየሁት።

ዋጋ? ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ስለ መኪና ዋጋ ማውራት ያደክማል። ከዚያ በፊት የጠየቅኩት ኦቨርሎክና ዛሬ የሚሉኝ አይገናኙም። አሁን ባለኝ ገንዘብ አንዱን ነው መግዛት የምችለው፤ ወይ ጁኪ፣ ወይ ኦቨርሎክ። ኦቨርሎኩ ለሌላ ሱቅ የምከፍለውን ያስቀርልኛል። ከዚያ አልፎ ሰፈር ውስጥ ያሉት ሁለት ሰፊዎች ከወዲሁ «እኛም እናመጣልሻለን» ብለውኛል፣ ስለዚህ ራሱ ገቢ ያስገባል። ጁኪው ግን የሚያድነኝ ስድስት ደቂቃ ነው። ስድስቷ ደቂቃ ገንዘብ የምትሆነው ብዙ ሱሪ ሲኖር ነው፣ ብዙ ሱሪ ደግሞ ያለው ገና ባልተፈረመው ውል ውስጥ ነው።

እግሬስ? እሱ አልተመለሰም። ለወገብና ለቁርጭምጭሚት ሲባል ብቻ ጁኪ የገዛች ሴት ብትኖር አልፈርድባትም። እንዲያውም ትክክል ናት እላለሁ። ለጊዜው ረጃጅሙን ስፌት ለልጅቷ እየሰጠሁ እኔ መቁረጡና መተኮሱ ላይ ቆሜ እውላለሁ። መቆም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ ግን ቢያንስ ይቀያየራል። ትምህርት ቤቱ ከፈረመ በቅድሚያ ክፍያው ጁኪውን አስገባለሁ፣ ያኔ ሦስቱም ጎን ለጎን ይቆማሉ። ካልፈረመ ሲንጀሯ ላይ የሐጂን ኮርቻ፣ ያችን ዲናሞ፣ እሞክራለሁ፣ ቢስቁብኝም።

ኦቨርሎኩን ቀብድ ከፍያለሁ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አፍስሰው እንዲልኩት አደራ ብያለሁ፤ ገንዳው ውስጥ ዘይት እያለ መንገድ ላይ ከተገለበጠ ሞተሩንም ካርቶኑንም ይነክረዋል። ሻጩ ከነጠረጴዛው ውሰጂ ብሎኝ ነበር። የሱ ጠረጴዛ የተጨመቀ ጣውላ ነው፣ በጅማ እርጥበት ሲያብጥ አይቻለሁ። በርጩማና ወንበር በሚያምር እንጨት የሚሠራ አናጺ የሞላበት ከተማ ተቀምጬ ጣውላ ከአዲስ አበባ አላስጭንም። አናጺዬ ግን ጭንቅላቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ልክ ይፈልጋል። ሻጩ በወረቀት ቆርጦ ከዕቃው ጋር እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ።